የእንዶድ ምርመራ ሒሳብ

(ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ በዳባትና በደባርቅ ረጅም ዘመን ባዮሎጂ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርና፣ ጎንደር ተምራ ደባርቅ ላይ መድኃኒት ቤት የምትሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው። መምህሩ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ገብተው ወንበር ተስቦላቸዋል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ፦ ይህን ወረቀት እስቲ አንብቢልኝ። መነጽሬን አድርጌም ፊደሉ አልታይ አለኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን? ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እኮ ከደጃፉ ሳይርቅ ጥሎት ነው የሚሄደው።

መምህሩ፦ እኔ አልጥለውም። ባለፈው የልጅ ልጄ አነበበችልኝና ደነገጥኩ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት፣ የልብ ትርታ። ለአንድ ግፊት ይህን ሁሉ በሽታ ገዝቼ ልግባ? እናቴ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ስታጠጣኝ ወረቀት አልነበረውም።

ፋርማሲስቷ፦ ወረቀት ያልነበረው ጉዳት ስለሌለው ነው?

መምህሩ፦ እንደሱ እንኳ አልልም። በዘመናት የተፈተነ ነው ማለቴ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ እኔና እርስዎ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የያዙት አምሎዲፒን መጀመሪያ እንስሳት ላይ ተሞከረ፤ ቀጥሎ ሰዎች ወሰዱት፤ የማን እግር አበጠ፣ ማንን ራሱን አመመው ተብሎ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ያ ቁጥር ነው ወረቀቱ ላይ የሰፈረው። የጤና አዳሙን ማን ቆጠረው? ለነፍሰ ጡር በብዛት እንደማይሰጥ እናቶቻችን ያውቃሉ። ብዛቱ የት ላይ እንደሚጀምር ግን የተጻፈ ነገር የላቸውም።

መምህሩ፦ ታዲያ የሚቆጥር ሰው ሲነሳ ምን አደረጉት? አክሊሉ ለማን ምን አደረጓቸው?

ፋርማሲስቷ፦ ይንገሩኝ። ክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር፤ ግን እኔ ያኔ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

መምህሩ፦ 1964 ነው። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው የተመለሱ ወጣት ናቸው፤ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠናሉ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ልብሱን ትተው ውሃውን አዩ። አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣው እንዳለ ሞቷል፤ ከአጣቢዎቹ በላይ ያለው ደኅና ነው። በሽታውን ወደ ሰው የሚያሻግረው ያ ቀንድ አውጣ ነው። ይህ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከሊማሊሞ ቁልቁል ዛሪማ ላይ የተማሪዎች ሰገራ ሲመረመር ቢልሃርዚያ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ዓድዋ ላይ አምስት ዓመት ወንዙን በእንዶድ ሲያክሙት፣ ከመቶ 63 የነበረው በሽተኛ ወደ 34 ወረደ። ትንንሾቹ ልጆች ዘንድማ ከ50 ወደ 7! ከአጥር ሥር የሚበቅል፣ ዶላር የማይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ምን አለ? ደኅንነቱ አልተረጋገጠም። የጀርመኑ የባየር ኬሚካል ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበር።

ፋርማሲስቷ፦ ጥያቄው ስህተት ነበር ይላሉ?

መምህሩ፦ ሰበብ ነበር እላለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ሰበብም ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን መርጦ አይገድልም። ሳፖኒን ነው የያዘው፤ ዓሣንም ይገድላል። ከዚያ ወንዝ ከብት ይጠጣል፣ ልጅ ይዋኛል፣ ሴት ትቀዳለች። በዓመት ጥቂት ቀን ነጠላ ማጠብና አንድን ወንዝ አምስት ዓመት ማጠብ ለየቅል ናቸው። ደግሞም እንዶድ ከልብስ አልፎ ይሄዳል። ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡት አሉ። ውሻ የነከሰውን ሰው ሥሩን የሚያጠጡ አሉ፤ ያውም ክትባቱ እያለ።

መምህሩ፦ ይህን አልክድም። የእኛ ሰፈር ውስጥም…

ፋርማሲስቷ፦ አክሊሉም እኮ አልካዱም። ይህ ነው ሲተረክ የሚዘለለው። 1975 ላይ ከብሩስ ኤምስ ጋር አብረው አሳትመዋል። ኤምስ ማለት በባክቴሪያ አማካይነት አንድ ነገር ዘረ መልን ያዛባ እንደሆነ የሚለይበትን ዘዴ ያወጣው የበርክሊ ሰው ነው፤ ዘዴው ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንዶድ በዚያ ፈተና አለፈ። አክሊሉ «አባቶቻችን ተጠቅመውበታል» ብለው አልተቀመጡም፤ ፈታኙን ራሳቸው ፍለጋ ሄዱ።

መምህሩ፦ ካለፈ ታዲያ ለምን አልበቃም?

ፋርማሲስቷ፦ አንድ ፈተና ስለሆነ። ሙሉው ምርመራ ሌላ ነው። በአፍ ሲሰጥ ምን ያደርጋል፣ ቆዳ ላይ ምን ያደርጋል፣ የጥንቸል ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል፣ ለሳምንታት በየቀኑ ሲሰጥ ጉበትና ኩላሊት ምን ይሆናሉ። በዚያ ላይ «ጥሩ የቤተ ሙከራ አሠራር» የሚባል ደንብ አለ። የአይጡ ክፍል ሙቀት በየቀኑ ይመዘገባል፣ መኖው ከየት እንደመጣ ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ሚዛን በፊርማ ይጸናል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ መዝገቡን ሊገልጥ ይችላል። ይህን ያላሟላ ቤተ ሙከራ ያገኘው ውጤት፣ እውነት ቢሆንም፣ ለፈቃድ የሚቀርበው ፋይል ውስጥ አይገባም።

መምህሩ፦ ደንቡን ማን አወጣው?

ፋርማሲስቷ፦ እሱ ያስቅዎታል። አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ ለትልልቅ የኬሚካልና የመድኃኒት ኩባንያዎች ምርመራ የሚሠራ የግል ቤተ ሙከራ ነበር። 1976 ላይ ጉዱ ወጣ። አይጥ ሲሞት በሌላ ይተካሉ፤ ያልተሠራውን ምርመራ ተሠራ ብለው ይጽፋሉ። አለቆቹ በ1983 ተፈረደባቸው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ደንቡን ያወጣው ያ ጉድ ከወጣ በኋላ ነው፤ 1981 ላይ ደግሞ የበለጸጉት አገሮች ማኅበር ለሁሉም አደረገው።

መምህሩ፦ ሌባው ቺካጎ፣ አጥሩ እኛ ደጅ!

ፋርማሲስቷ፦ ደንቡ መጥፎ አይደለም ጋሼ። ያለ እሱ እርስዎም ያንን ወረቀት ባያምኑት ይሻል ነበር። ችግሩ አጥሩን ለመሻገር የሚያስፈልገው መሰላል ዋጋ ነው። እንዲያ ያለ ፈቃድ የያዘ ቤተ ሙከራ ያኔ አገራችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እንዶዳችን ፈረንጅ አገር ሄዶ መመርመር ነበረበት፤ ገንዘቡም ከፈረንጅ መምጣት ነበረበት። ባየር የራሱን ኬሚካል ሲያስመረምር ነገ ሸጦ ወጪውን ይመልሳል። ከአጥር ሥር የሚለቀም ፍሬ ማን ሊሸጠው? የሚሸጥ ከሌለ የሚያስመረምር የለም። ርካሽ መሆኑ ነው የጎዳው።

መምህሩ፦ ይሄን እንግዲህ አላሰብኩትም ነበር። ዶላር አይጠይቅም ብዬ ስመጻደቅበት…

ፋርማሲስቷ፦ በስተመጨረሻ የካናዳ የልማት ምርምር ተቋም ገንዘብ ሰጠና ተመረመረ። 1991 ላይ ታተመ። ዓይን ያቃጥላል፣ ዓሣ ይገድላል፣ ዘረ መል ላይ ግን ጉዳት አልታየበትም። ከ1964 እስከ 1991 ስንት ነው?

መምህሩ፦ 27 ዓመት።

ፋርማሲስቷ፦ በዚህ መሃል ፕራዚኳንቴል የሚባለው የቢልሃርዚያ መድኃኒት መጣ። በሽተኛውን በክኒን ማከም ሲቻል ቀንድ አውጣውን ማሳደድ የገንዘብ ሰጪዎችን ልብ አልሳበም። ፋይሉ ሲሟላ ጠያቂው ሄዷል።

መምህሩ፦ ሽልማቱ ግን ቀድሞ መጣ። 1989 ላይ ስቶክሆልም ለአክሊሉና ለለገሰ ወልደ ዮሐንስ የሰጡት፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለው። ለገሰን ሰው ይረሳቸዋል። ከየአገሩ የእንዶድ ዘር ሰብስበው፣ ተክለው፣ የትኛው እንደሚበረታ የለዩት እሳቸው ናቸው፤ 44 ቁጥር የሚሉት ዘር ከዚያ የወጣ ነው። አሜሪካኖችም ቢሆኑ ሐይቃቸውን የወረረ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎላም እንስሳ ሲያስቸግራቸው እንዶድን አስታወሱ። ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አወጣበት። ለእኛ ወንዝ አጠራጣሪ የነበረው ለእነሱ ቧንቧ መላ ሆነ።

ፋርማሲስቷ፦ በዚህ እኔም እናደዳለሁ። ግን ንዴቱ ወዴት ይሂድ? እርስዎ «አትመርምሩን» ወደሚል ይወስዱታል። እኔ «ለምን ራሳችን መመርመር አልቻልንም» ወደሚለው።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ኮሶንስ ማን መረመረው? ጀምስ ብሩስ በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ አይቶ ጽፎታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መድኃኒት መድብል ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ይኸው ሰሜን ተራራ ላይ ዛፉ ቆሟል። እኔ ራሴ ስንቴ ጠጥቻለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ እንዴት ነበር የሚጠጡት?

መምህሩ፦ ሴቴው ኮሶ፣ ቀዩ አበባ፣ ይደርቅና ይወቀጣል። ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አፍንጫን ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ። ምረቱ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ከዚያ እስኪያሽር ድረስ እህል የለም። የኮሶ ቀን ሥራ የለም፤ እንግዳም አይመጣም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ፋርማሲስቷ፦ ልኩስ?

መምህሩ፦ እፍኝ።

ፋርማሲስቷ፦ የማን እፍኝ?

መምህሩ፦ (ይስቃሉ) የአባቴ እፍኝ የእናቴን እጥፍ ይሆናል።

ፋርማሲስቷ፦ አዩ። ዘንድሮ የተለቀመና ሦስት ዓመት የተቀመጠ አበባስ እኩል ነው? ትሉን የሚገድለው ነገር ዓይንንም የሚጎዳ ነው። ኮሶ ጠጥተው የማየት ነርቫቸው የተጎዳ፣ የታወሩ ሰዎች ታሪክ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል።

መምህሩ፦ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጠጣው ማን አየ?

ፋርማሲስቷ፦ አያዩትማ። አንድ ሰው እንደጠጣ በዚያው ቀን ቢሞት አገር ያውቃል፤ ያ መድኃኒት ይተዋል ወይም ልኩ ይቀነሳል። አባቶቻችን በዚህ ጎበዞች ነበሩ። ከብዙ ጠጪዎች መካከል አንዱ፣ ሰንበት ብሎ ዓይኑ ቢደክምስ? ከኮሶው ጋር ማን ያገናኘዋል? ቡዳ በላው ይባላል። ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። ጠበል ይወሰዳል። አልፎ አልፎ የሚመጣና ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት በዘመን ብዛት አይታይም፤ በቆጠራ ነው የሚታይ። ሳይንሱ ሁሉ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ልጆቻቸው ክንድና እግር ሳይኖራቸው እስኪወለዱ አልነቁም። ታሊዶማይድ ጀርመን ውስጥ በ1957 ለገበያ ቀርቦ እስከ 1961 መጨረሻ ሲሸጥ ቆየ። ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት።

መምህሩ፦ እሺ፣ ኮሶውን ተውኩት፤ ደግሞ ጥሬ ሥጋውን ከተውኩት ቆይቻለሁ። አሁን ግን አንድ የሚቆረቁረኝን ልንገርሽ። ከዚህ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ወጣቱ ለሰሊጥ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ካላዛር ይዞት ይመለሳል። ጎንደር ሲተኛ «ጥናት ላይ ትገባለህ?» ይሉታል። የእኛ ልጆች አይጥ ሆኑ ማለት አይደለም?

ፋርማሲስቷ፦ ይህን ጥያቄ ጎንደር ስማር እኔም ጠይቄው ነበር። ከጥናቱ በፊት ምን ይሰጥ እንደነበር ላስታውስዎት። አንቲሞኒ ነው፤ በመርፌ፣ ለ30 ቀን። አንቲሞኒ የልብን አሠራር ያዛባል፣ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ያስቆጣል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከበሽታው ተርፎ በመድኃኒቱ የሚሞት አለ። ይህ መድኃኒት በዛሬው ደንብ ገና አዲስ ሆኖ ቢመጣ ማለፉን እጠራጠራለሁ። ግን ድሮ ገብቷልና ተቀመጠ። ለምን ሌላ አልተፈለገም? በሽተኛው የሰሊጥ አጫጅ ስለሆነ።

መምህሩ፦ እንደ እንዶዱ።

ፋርማሲስቷ፦ እንደ እንዶዱ። ከዚያ ትርፍ የማይፈልጉ ድርጅቶች ገቡበት፣ የአውሮፓ ገንዘብ መጣ፣ የጎንደር ሐኪሞችም አብረው ሠሩ። ሁለት መርፌ ተቀናጅቶ 30ው ቀን ወደ 17 ወረደ፤ 2010 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ተቀበለው። 2023 ላይ ደግሞ አንቲሞኒውን አውጥቶ፣ በሚውጡት ሚልቴፎሲን ተክቶ፣ በ14 ቀን ከመቶ 90 በላይ እንደሚያድን የሚያሳይ ጥናት ታተመ። ጎንደርና አብደራፊ ከጥናቱ ቦታዎች ውስጥ ነበሩ። የእኛ ልጆች ባይገቡበት ያ ሰው ዛሬም 30 ቀን ይወጋ ነበር።

መምህሩ፦ ሚልቴፎሲኑስ ወረቀት አለው?

ፋርማሲስቷ፦ አለው፤ ፅንስ ይጎዳል ይላል። ለሴት ሲሰጥ እንዳታረግዝ መከላከያ አብሮ ይሰጣል። ይህን ያወቅነው አንዲት እናት ከመጎዳቷ በፊት ከእንስሳት ላይ ነው። ታሊዶማይድ ያስተማረው ይህንን ነው።

መምህሩ፦ ስለዚህ አይጥ አልሆኑም ነው የምትይኝ።

ፋርማሲስቷ፦ የፈረሙትን ወረቀት ተረድተው ከፈረሙ አልሆኑም። ይህን «ተረድተው ከፈረሙ» ግን በቀላሉ አላልፈውም። ትኩሳት ያደከመው፣ ማንበብ የማይችል፣ ነጻ ምግብና አልጋ የሚያገኝ ልጅ እንቢ ማለት ምን ያህል ይችላል? ሐኪሙ አማርኛውን ቢያቀልለትም። ይህ ያልተፈታ ነገር ነው። ደግሞ ሌላም አለ። ካላዛር ተጠና፣ ምክንያቱም ገንዘብ መጣ። ጤና አዳሙ፣ ኮሶው፣ ለወፍ በሽታ የሚጠጣው ቅጠል ሁሉ ለሕዝቡ ከካላዛር መድኃኒት በላይ ይዳረሳል፤ ግን ማንም ገንዘብ አልመደበለትም። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ አይደለም የሚመለሰው፤ ገንዘብ የመጣለት ጥያቄ ነው።

መምህሩ፦ አሁንማ እሱም እየነጠፈ ነው። አሜሪካኖቹ እርዳታቸውን…

ፋርማሲስቷ፦ በ2025 ጥር። በአንድ ፊርማ ቆመ። አምስት ሺህ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። የሰው ደመወዝ እንዲህ ከሆነ የአይጥ ቤት በጀት ማን ያስታውሳል? መርዛማነትን ማጥናት ደግሞ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም። ሆስፒታል ሲመረቅ ባለሥልጣን ይመጣል። «ይህ ቅጠል ጉበት ይጎዳል» የሚል ውጤት ማን ያስመርቀዋል?

መምህሩ፦ የእንስሳት ሙከራ ሊቀር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ያ አያረክስልንም?

ፋርማሲስቷ፦ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2025 ሚያዝያ አካባቢ እቅድ አውጥቷል፤ ለአንዳንድ መድኃኒቶች ከአይጥ ይልቅ በሰው ሴልና በኮምፒውተር ስሌት እንዲተካ። ጥሩ ነው። ግን ሴሉን ለማሳደግ የማይቋረጥ መብራት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከውጭ የሚመጣ ማሳደጊያ ይፈልጋል። አይጥ ቢያንስ መብራት ሲጠፋ አይሞትም። እንዳይሆን እንጂ፣ አዲሱ ዘዴ ሌላ ቺካጎ ሌላ አጥር ሊሆንብን ይችላል።

መምህሩ፦ እና እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

ፋርማሲስቷ፦ ቤተ ሙከራ ሳይኖር የሚሠራም አለ። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ የሚመዘግበው አለ አይደል? ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ዘንድ ሄደው በምን ሁኔታ እንደሞተ ይጠይቃሉ። እዚያ ላይ «ከመሞቱ በፊት የጠጣው የባህል መድኃኒት ነበር? ምን? መቼ?» የሚል ጥያቄ በደንብ ቢጠየቅ፣ ከብዙ አይጥ የሚበልጥ ነገር እናውቃለን። እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ ይሄ ቢጫ ቅጽ አለ። የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ነው፤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል። ስልክም አለው፣ 8482፣ ነጻ ነው። ቅጹ ለባህል መድኃኒትም ይሠራል፤ ግን የሚሞላው የለም።

መምህሩ፦ አንቺስ ስንት ሞላሽ?

ፋርማሲስቷ፦ ጥቂት። ሰው ሲጎዳ ወደ እኔ አይመጣም ጋሼ፤ መድኃኒቱን ወደ ሰጠው ይመለሳል፤ ካልሆነም ዝም ይላል። እኔም ወረፋ ሲበዛ…

መምህሩ፦ እንግዲያው ልንገርሽ። የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ወፍ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም ተብሎ ከአዋቂ ቅጠል ተጨምቆ ተሰጠው። ሁለት ቀን ጠጣ። ከዚያ ሆዱ ተነፋ፣ ባሰበት፤ አሁን ጎንደር ተኝቷል። በሽታው ነው ያባባሰው ወይስ ቅጠሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ እኔም አላውቅም፤ ቅጹ እርግጠኛ ሁን አይልም፤ ጠርጥር ነው የሚለው። ዕድሜው?

መምህሩ፦ 20 ቢሆነው ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ቅጠሉ ምን ነበር?

መምህሩ፦ እሱን አይነግሩሽም። አዋቂው ስሙን ከተናገረ ይረክሳል ይላል፤ አባቱ ለሱ የነገረውን እሱ ለልጁ ነው የሚነግር።

ፋርማሲስቷ፦ «ያልታወቀ» ብዬ እጽፋለሁ። ከጭማቂው የተረፈ አለ ይሆን ቤታቸው? ቅጠሉን ያየ ሰውስ? እናቱ ስትጨምቀው አይታው ከሆነ፣ ሰፊ ነው ጠባብ፣ ወተት ያለው ነው የሌለው፣ ይህን ያህል ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኛል።

መምህሩ፦ እናቱ ጎንደር አብራው ናት። አክስቱ ግን እዚሁ ናት፤ አሁኑኑ ደውዬ ልጠይቃት?

ፋርማሲስቷ፦ ይደውሉላት። ስንት ብርጭቆ እንደጠጣም ይጠይቁልኝ፤ «እፍኝ» ካለችዎት ግን የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዳይዘጉት።